ሁለት ጊዜ ብቻ

ወገልጤና፣ ጤና ጣቢያው፣ ከመድኃኒት መጋዘኑ ጎን፣
ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ አሥራ አንድ ነርሶች ሆነን።
ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ክንድ አለ፣ ከደሴ የመጣ፣
አሥር ጊዜ ቢወጉት «ውይ» የማይል፣ የማይቆጣ፤
ቀይ ቀለም በጆግ ተበጥብጦ የሚፈስበት፣
ከመወጋት ብዛት ቆዳው ወንፊት የሆነበት።

ሲስተር ራውዳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
«ጨፍኑ» አለችን፣ «ዓይን ችኩል ነው» ብላ።
«ሰማያዊ መስመር ሁሉ ደም ሥር አይደለም፤
በጣት ተጫኑት፤ ካልነጠረ፣ የለም።»

ቧንቧው ደርቋል። ከጄሪካን ተቀዳድተን ታጠብን።
«አልኮሉ በራሱ ይድረቅ፤ እፍ አትበሉበት።
እንትፍ ብሎ መመረቅ ለሽማግሌ ነው፤
እናንተ እፍ ስትሉ የምትመርቁት ጀርሙን ነው።»
ከታች ጀምሩ፣ ወደ ላይ ውጡ፤ ከእጥፋቱ ራቁ፤
የመርፌው አፍ ሰማይ ይይ፤
ደም ብልጭ ሲል ዝቅ በሉ፣ ካኑላው ይግባ፣ ብረቱ ይውጣ፤
የወጣ መርፌ እንደ ወጣ ቃል ነው፣ ተመልሶ አይገባም።
ይህን ሁሉ ጻፍን።
መጨረሻ ላይ ሁለት ጣቷን አነሳች፣
«ሁለቴ» አለች።
«ሦስተኛው የሌላ ሰው ነው።»
ያንን ማንም አልጻፈም። ቀላል መስሎን።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አባ ሙሄ መጡ፣
በተቅማጥ ሁለት ሌሊት ውኃቸውን የሰጡ።
ከገደል ሥር ኦፓል ሲያስሱ የኖሩ ሰው፣
ዛሬ የራሳቸው ሥር ከሥጋ ሥር ተሰውሮባቸው።
መዳፋቸው ድንጋይ፤ ጥፍራቸው ውስጥ ነጭ አፈር።

አንደኛው፦
ገባሁ፤ ብልጭ አለ፤ ደስታዬ ቸኮለ፤
ቆዳው ተነፋ፣ እንቁላል አከለ።
ሁለተኛው፦
ሥሩ ከጣቴ ሥር እንደ ዓሣ ተንሸራተተ።
ጥርሳቸውን ነከሱ። እጃቸው ግን አልሸሸም።

ሦስተኛውን መርፌ እጄ ከትሪው አነሳ።
ማንም አልቆጠረም፤ እኔ ግን እንዴት ልርሳ?
ምንተስኖት በር ላይ ነው፣ አምና የተመረቀ፤
ለእሱ ትሪ ማቀበል! ፊቴ በአንዴ ሞቀ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ድንጋዩን በንዴት የመታሁት ጊዜ
ኦፓሉ ይሰነጠቃል፤ ለነጋዴው ሳቅ፣ ለኔ ትካዜ።»

ትሪውን ሰጠሁት።

ወንበር ሳበ። ክንዳቸውን ከአልጋው ጠርዝ ዝቅ አደረገ፤
ሞቅ ያለ ጨርቅ ጣለበት፤ ጠበቀ፣
እኔ ያልጠበቅኩትን ጠበቀ።
ሮዟ ካኑላ ገባች፣ እንደ ቁልፍ፣ ያለ ድምፅ።

ሲስተር ራውዳ ወደኔ ዞረች፦
«ያስገባው እሱ ነው፤ ጠባቂዋ አንቺ፤
ማስገባት ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱ ግን ያንቺ።»

ፕላስተሩ ላይ ጻፍኩ፦ ኅዳር ዘጠኝ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል።
መሸ። በስልኬ መብራት ጎንበስ እላለሁ፦
ቀልቷል? አብጧል? ይሞቃል?
ሳላይን በቀስታ እገፋለሁ፤ ሳያንገራግር ይሄዳል።
«ያምዎታል አባ?»
«እንቅልፌን ነው የሚያመኝ፣ አንቺ በመጣሽ ቁጥር።»

በሁለተኛው ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮህ፣
ከካኑላዋ በላይ ቀጭን ቀይ መስመር፣
ክር የመሰለ፣ ሲነኩት የሚፋጅ።
እስኪነጋ አልጠበቅኩም።
ዘጋሁ፤ ነቀልኩ፤ በጥጥ ይዤ ቆምኩ፣
ደሙ «በቃኝ» እስኪል። ከዚያ መዘገብኩ፦
ሰዓቱን፣ መቅላቱን፣ ስሜን።
ጠዋት በኩባያ መጠጣት ችለው ነበር፤ ሌላ መርፌም አላሻቸው።

ሊወጡ ሲሉ ክንዳቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፣
እንደ ኦፓል ብርሃን ላይ አገላብጠው መረመሩ።
ነጥቧን በአውራ ጣት አሿትና፣
«ገጠመ» አሉ።
ቆዩና ደግሞ፦
«እኛ ገደሉን የወጋነው ግን፣ ልጄ፣
እስካሁን አፉን እንደከፈተ ነው።
ቀን የጻፈበትም የለ።»